መስመሩ ወረደ ማለት መኪናው ተመለሰ ማለት አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ቲቸር፣ ፎርሙላ ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ግራፍ ሲመጣ ግን እጠፋለሁ። ፈተና ላይ የቬሎሲቲና የጊዜ ግራፍ ተሰጠን። መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ‹መኪናው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው› ብዬ መለስኩ፣ ኤክስ ሆነብኝ። ቀጥሎ የሁለት ሯጮች መስመር የሚገናኝበት ነጥብ ነበር። ‹እዚህ ጋ ደረሰበት› አልኩ፣ እሱም ኤክስ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

የኔ እህት፣ ሁለት ጊዜ አልተሳሳትሽም። አንድ ስህተት ነው ሁለት ጊዜ ነጥብ የቆረጠብሽ። እንደውም ሁለቱም መልሶችሽ ትክክል ናቸው፣ ችግሩ የተጠየቅሽው ስለ ሌላ ግራፍ መሆኑ ነው። ቋሚው መስመር ላይ «ቦታ» የሚል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ታገኚ ነበር። የተጻፈው ግን «ቬሎሲቲ»፣ ማለትም ፍጥነት ከነአቅጣጫው፣ ነው። አንቺ ቅርጹን አየሽ፣ ስሙን አላነበብሽም።

ይሄ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም። ሁሌ ክፍል ውስጥ የምሠራት ነገር አለች። ሰሌዳው ላይ የቦታና የጊዜ ግራፍ እስላለሁ፦ መስመሩ ይወጣል፣ ትንሽ አግድም ይሄዳል፣ ከዚያ ይወርዳል። «ማነው ይሄንን በእግሩ የሚያሳየን?» እላለሁ። አንድ ዓመት አንዱ ልጅ ተነሳና ወንበር ላይ ወጣ፣ ወንበሩ ላይ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ወረደ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ወደድኩት፣ ምክንያቱም ሌሎቹም በልባቸው ያሰቡት ያንኑ ነበር። ግራፉ ዳገት፣ ሜዳ፣ ቁልቁለት መስሏቸዋል። መልሱ ግን ወለሉ ላይ ነው ያለው፦ ወደ በሩ ሂድ፣ ቁም፣ ወደ ቦታህ ተመለስ። ወንበር የለም፣ ዳገትም የለም። የግራፉ መስመር መኪናው የሄደበት መንገድ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ኤክስሽ።

ዩሴን ቦልትን ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ጨረሰ። በየ20 ሜትሩ የፈጀበት ጊዜ ተለክቷል። የመጀመሪያው 20 ሜትር 2.89 ሰከንድ ወሰደበት፣ ከቆመበት ስለተነሳ ነው። ሁለተኛው 1.75፣ ሦስተኛው 1.67፣ አራተኛው 1.61፣ የመጨረሻው 1.66። 20ን ለእያንዳንዱ አካፍይ። የሚወጣልሽ አማካይ ፍጥነት በቅደም ተከተል 6.92፣ 11.43፣ 11.98፣ 12.42 እና 12.05 ሜትር በሰከንድ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች እዪ። ከ12.42 ወደ 12.05። ወርዷል። የቬሎሲቲ ግራፍ ብትሠሪለት መስመሩ መጨረሻ ላይ ቁልቁል ያዘነብላል ማለት ነው። ታዲያ ቦልት ወደ መነሻው እየተመለሰ ነበር? ሪከርድ እየሰበረ ነበር! ወደ ፊት በ12 ሜትር በሰከንድ እየበረረ፣ ግን ትንሽ እየቀነሰ።

ያንቺ መኪናም እንደዚያው ናት። የቬሎሲቲ መስመር ከዜሮ በላይ ሆኖ ሲወርድ ነገሩ ወደ ፊት እየሄደ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ወደ ኋላ መሄድ የሚጀምረው መስመሩ የጊዜውን መስመር፣ ማለትም ዜሮን፣ አልፎ ወደ ታች ሲገባ ብቻ ነው። አቅጣጫ የሚነግርሽ መስመሩ ያለበት ከፍታ ነው፦ ከዜሮ በላይ ወደ ፊት፣ ከዜሮ በታች ወደ ኋላ። ማዘንበሉ፣ ስሎፑ፣ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። አክስለሬሽንን፣ ማለትም ቬሎሲቲው በየሰከንዱ በስንት እንደሚለወጥ።

ይሄ በደንብ እንዲገባሽ አንድ ሚኒባስ ልንዳልሽ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፣ ሒሳቡ እንዲቀል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ወደ ፊት ያለውን ፖዘቲቭ እንበለው። ወረቀትና እርሳስ ያዢ፣ በዓይን ብቻ ካነበብሽው አይጠቅምሽም።

ሚኒባሱ ከፌርማታ ይነሳል። በ5 ሰከንድ ውስጥ ከዜሮ ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል። ከዚያ ለ10 ሰከንድ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። 15ኛው ሰከንድ ላይ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ወራጅ አለ! አለፋችሁኝ እኮ!» ይላሉ። ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ በ4 ሰከንድ ይቆማል። አሁን 19ኛው ሰከንድ ላይ ነን። 3 ሰከንድ ጭቅጭቅ፦ ረዳቱ «ቀድመው አይናገሩም እንዴ?» ይላል፣ ሴትየዋም መልስ አያጡም። 22ኛው ሰከንድ ላይ ሹፌሩ ተሸንፎ ሪቨርስ ያስገባል። ረዳቱ ወርዶ የመኪናውን ጎን እየመታ «ና! ና! ና!» ይላል። በ2 ሰከንድ ውስጥ ቬሎሲቲው ከዜሮ ወደ ኔጌቲቭ 2 ይደርሳል፣ ለ3 ሰከንድ በዚያው ይቀጥላል፣ በመጨረሻዎቹ 2 ሰከንዶች ወደ ዜሮ ይመለሳል። 29ኛው ሰከንድ። ሴትየዋ ወረዱ።

የቬሎሲቲውን መስመር ሳዪው። ይወጣል፣ አግድም ይሄዳል፣ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ዜሮ ላይ ይተኛል፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ አግድም ይሄዳል፣ መልሶ ወደ ዜሮ ይወጣል።

መስመሩ ሁለት ጊዜ ነው ቁልቁል የሄደው። አንዴ ከ15 እስከ 19፣ አንዴ ከ22 እስከ 24። ሁለቱም ጋ ስሎፑ ኔጌቲቭ ነው። የመጀመሪያው ጋ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት እየተወረወረ ነው፣ መኪናው ወደ ፊት እየሄደ ይቆማል። ሁለተኛው ጋ መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ፍጥነት እየጨመረ ነው። አዎ፣ እየጨመረ! ኔጌቲቭ አክስለሬሽን ማለት «መቀነስ» ነው ብሎ የነገረሽ ሰው ካለ፣ ግማሹን ነው የነገረሽ። ቬሎሲቲና አክስለሬሽን አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው ነገሩ እየፈጠነ ነው፣ ምልክታቸው ከተለያየ እየዘገየ ነው። ከ27 እስከ 29 ተመልከቺ፦ መስመሩ እየወጣ ነው፣ አክስለሬሽኑ ፖዘቲቭ ነው፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ እየሄደ ፍሬን ይዟል። እዚህች ጋ ስንት ጎበዝ ተማሪ ሲወድቅ አይቻለሁ መሰለሽ።

አሁን ከስሩ ያለውን ስፋት እንቁጠር። የቬሎሲቲ ግራፍ ስር ያለ ስፋት ቦታው በስንት ሜትር እንደተቀየረ ይነግርሻል። ለምን? አግድሙን ክፍል እዪ፦ ቁመቱ 10 ሜትር በሰከንድ፣ ወርዱ 10 ሰከንድ። ብታባዢው 100 ሜትር። ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ፣ ድሮ 7ኛ ክፍል ያወቅሽው ነው፣ አሁን የአራት ማዕዘን ስፋት መስሎ መጣ እንጂ አዲስ ነገር የለውም። ያዘነበለው ክፍል ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ግማሹን ትወስጃለሽ። ይሄንን ሐሳብ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኒኮል ኦሬም የሚባል ፈረንሳዊ የቤተ ክርስቲያን ሰው በሥዕል አሳይቶታል። ፍጥነቱ እኩል በእኩል እየጨመረ የሚሄድ ነገር የሚጓዘው፣ በመሐለኛው ፍጥነት ሳይለዋወጥ ቢሄድ የሚጓዘውን ያህል ነው። ኒውተን ከመወለዱ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። ስለዚህ በቃልሽ የያዝሻቸው የአክስለሬሽን ፎርሙላዎች ያቺ ሦስት ማዕዘን ናቸው።

የመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን 25 ሜትር። አራት ማዕዘኑ 100። የፍሬኑ ሦስት ማዕዘን 20። ድምር 145 ሜትር። ከዚያ ከዜሮ በታች ያለው፦ 2፣ 6 እና 2፣ በድምሩ 10 ሜትር፣ ግን ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ሚኒባሱ መጨረሻ ላይ የቆመው ከመነሻው 135 ሜትር ላይ ነው። ጎማው የተንከባለለው ግን 155 ሜትር ነው። ነዳጅ የሚቆጥረው 155ን ነው፣ ሴትየዋ የሚቆጥሩት 135ን። ፈተና ላይ «ዲስታንስ» ሲል የነዳጁን፣ «ዲስፕሌስመንት» ሲል የሴትየዋን ስጪው።

አሁን ከዚህ ተነስተሽ የቦታውን ግራፍ ሳዪ፣ ከሥሩ፣ ጊዜውን ከጊዜው ትይዩ አድርገሽ። 5ኛው ሰከንድ ላይ 25 ሜትር፣ 15ኛው ላይ 125፣ 19ኛው ላይ 145፣ 22ኛው ላይም 145፣ 24ኛው ላይ 143፣ 27ኛው ላይ 137፣ 29ኛው ላይ 135። ነጥቦቹን ስታገናኚ በማስመሪያ እንዳታደርጊው! ፍጥነቱ በሚለዋወጥበት ክፍል መስመሩ ይጎብጣል፣ ቀጥ የሚለው ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሲቆይ ብቻ ነው።

ከ15 እስከ 19 ያለውን በሁለቱም ግራፍ ላይ ጣትሽን አድርጊበት። ላይኛው ቁልቁል እየወረደ ነው። ታችኛው ከ125 ወደ 145 እየወጣ ነው። አንድ መኪና፣ አንድ ዓይነት አራት ሰከንድ፣ አንዱ ግራፍ ወራጅ፣ ሌላው ወጪ። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ታችኛው «የት ነው ያለሁት?» ሲባል ይመልሳል፣ ላይኛው «በምን ያህል እየሄድኩ ነው?» ሲባል። እዚህ ጋ አምስት ደቂቃ ቁሚ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚፈታው።

አግድም መስመርም እንደዚያው ያሳስታል። የቦታ ግራፍ ላይ አግድም መስመር የቆመ መኪና ነው፣ ሴትየዋና ረዳቱ ሲጨቃጨቁ። የቬሎሲቲ ግራፍ ላይ አግድም መስመር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በእኩል ፍጥነት የሚነዳ ሹፌር ነው። መቆሙ የሚታወቀው አግድሙ መስመር ልክ ዜሮ ላይ ከተኛ ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ኤክስሽ፣ ወደ ሯጮቹ።

የሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ ሲካሄድ አንቺ አልተወለድሽም ይሆናል፣ ግን ቤት ውስጥ ያሉትን ጠይቂ፣ ቆመው ነው የሚተርኩልሽ። የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት። በመጨረሻው ዙር ቴርጋት አፈተለከ። ኃይሌ ተከተለው፣ መስመሩ ጋ ሲደርሱ ቀደመው። 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ለኃይሌ፣ 27 ደቂቃ ከ18.29 ለቴርጋት። ከ25 ዙር በኋላ ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ፣ በርቀት ከአንድ ሜትር ያነሰ።

ይሄንን ሩጫ በሁለት ዓይነት ግራፍ አስቢው። በቦታ ግራፍ ላይ የሁለቱ መስመር ሲገናኝ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ደረሰበት። ያንቺ መልስ ለዚህ ግራፍ ይሠራል። በቬሎሲቲ ግራፍ ላይ መስመሮቹ ሲገናኙስ? ያኔ እኩል የሆነው ፍጥነታቸው ነው። ቦታቸው ላይሆን ይችላል።

እንደውም ነገሩ የባሰ ነው። የሲድኒን ትክክለኛ ቁጥር ትቼ የራሴን ልስጥሽ። አንደኛው ሯጭ በሰከንድ 8 ሜትር ይሮጣል፣ አይለዋወጥም። ሁለተኛው፣ ልክ ጎን ለጎን ሳሉ፣ ፍጥነቱ 7 ነው፣ ግን በየሰከንዱ 0.1 እየጨመረ ነው። 10ኛው ሰከንድ ላይ 8 ይደርሳል። መስመሮቹ ተገናኙ። አንቺ «ደረሰበት» ብለሽ የጻፍሽበት ቦታ ይሄ ነው።

እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ግን ፈጣኑ የፊተኛው ነበር። ከኋላ ያለው በየቅጽበቱ እየተጣለ ነው የመጣው። በሁለቱ መስመሮች መሐል ያለችው ሦስት ማዕዘን ስፋቷ ግማሽ ሲባዛ 10 ሲባዛ 1 ነው፣ 5 ሜትር። ስለዚህ መስመሮቹ በተገናኙባት ቅጽበት ኋለኛው 5 ሜትር ተቀድሟል፣ በዚያ ላይ ልዩነታቸው ከሁሉ የሚሰፋው ያኔ ነው! ከዚያ በኋላ ነው ማጥበብ የሚጀምረው። 20ኛው ሰከንድ ላይ ያኛው በኩል እኩል ስፋት ያላት ሌላ ሦስት ማዕዘን ትሞላለች፣ ያኔ ይደርስበታል። በዚያን ጊዜ እሱ በ9 እየበረረ ነው፣ ያኛው አሁንም በ8።

ለዚህ ነው ሩጫ የሚያውቁ ሰዎች «መጣ፣ መጣ» ብለው መጮህ የሚጀምሩት ልዩነቱ ገና ሰፊ ሳለ። ዓይናቸው ቦታውን ትቶ ፍጥነቱን እያየ ነው። ሳያውቁት የቬሎሲቲ ግራፍ እያነበቡ ነው እላለሁ እኔ።

በነገራችን ላይ በዚያ ሩጫ የኃይሌ ዲስፕሌስመንት ስንት ነው? 400 ሜትር ትራክ ላይ 25 ዙር፣ መነሻውና መድረሻው አንድ መስመር። ዜሮ። ወርቅ አምጥቶ ዜሮ። ይሄን ለአያትሽ እንዳትነግሪ።

አንድ ያልጠየቅሽው ግን በእርግጠኝነት የሚመጣብሽን ልጨምር። ኳስ ወደ ላይ ተወርውራ ጫፍ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው? ዘጠና በመቶው ክፍል «ዜሮ» ይላል (ይሄ ጥናት አይደለም፣ የኔ ምሬት ነው)። የቬሎሲቲ ግራፏን ሳዪው። ከላይ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወርድ አንድ መስመር ነው፣ ዜሮን ይቆርጣል፣ ወደ ታች ይቀጥላል። ዜሮን ሲቆርጥ ይጎብጣል? አይጎብጥም። ስሎፑ ሁሉም ቦታ ኔጌቲቭ 9.8 ነው፣ ጫፉ ላይም። ዜሮ የሆነው ከፍታው ነው፣ ቬሎሲቲው። አክስለሬሽኑም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሷ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀር ነበር።

ልምምድ በተመለከተ፣ ሃምሳ ጥያቄ ከመሥራት አንዷን በእግር መሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። ወለል ላይ በጠመኔ በየሜትሩ ምልክት አድርጊ። ስልክሽ ላይ በየሰከንዱ «ጠቅ» የሚል ነገር ክፈቺ። ጓደኛሽ ግራፍ ትሳል፣ አንቺ ሂጂው። ከዚያ አንቺ ሂጂ፣ እሷ ትሳል። መጀመሪያ በቦታ ግራፍ፣ ቀጥሎ በቬሎሲቲ። የቬሎሲቲው ያስቸግርሻል፣ ያስቸግርሽ። መስመሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ ሲወርድ እግርሽ ወደ ኋላ ልሂድ ካለሽ፣ ፈተና ላይ ያሳሳተሽን ልማድ በእጅ ከፍንጅ ያዝሽው ማለት ነው።

ስማርት ስልክ ካለሽ ጀርመን አገር የአኽን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፊፎክስ የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ አክስለሬሽንን በግራፍ ያሳያል። ሊፍት ውስጥ ስልኩን ወለል ላይ አስቀምጪና ወደ ላይ ውጪ። ሲነሳ መስመሩ ወደ ላይ ያብጣል፣ መሐል ላይ ጸጥ ይላል፣ ሊደርስ ሲል ወደ ታች ይጎደጉዳል። ወደ ላይ እየወጣሽ ነው እኮ፣ መስመሩ ግን ወደ ታች ጎደጎደ። አሁን ምክንያቱን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

የቤት ሥራ ልስጥሽ። የሚኒባሱን የአክስለሬሽን ግራፍ ከሌሎቹ ሁለቱ ሥር ሳዪ። የእያንዳንዱን የቬሎሲቲ መስመር ቁራጭ ስሎፕ እያሰላሽ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ 2 ነው፣ ፍሬኑ ጋ ኔጌቲቭ 2.5፣ የቀሩትን አንቺ ጨርሺ። ሁሉም ቁራጭ አግድም መስመር ነው የሚሆነው። ሰባት ቁራጭ ካልወጣልሽ፣ ጭቅጭቁን ረስተሻል ማለት ነው።